ቢጫ ጨምሪበት

ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እናንተ ብቻ ሳታውቁ የዋላችሁበት ቀን አለ? እኔ አለኝ። ቅዳሜ ነበር። የእድራችን ሰብሳቢ ያውቁ ነበር፣ ምድር ቤት ያለችው ባለ ሱቅ ታውቅ ነበር፣ የብሎካችን ጥበቃ እንኳ ያውቅ ነበር። እኔ ግን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እስከ ክርኔ አረንጓዴ ሆኜ ቅጠል እቀባ ነበር።

ሰናይት እባላለሁ። የኬጂ አስተማሪ ነኝ። «የሕፃናት አስተማሪ ትዕግሥተኛ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ እኔን የሚያውቅ ሰው ግን እንደዚያ አይልም። ያለችኝን ትዕግሥት ክፍል ውስጥ ጨርሻት ነው ወደ ቤት የምመለሰው። የተጣመመ ምንጣፍ፣ ያላግባብ የታጠፈ ፎጣ፣ የሰው አነጋገር ሳይቀር ማረም ይቃጣኛል። ታላቅ ወንድሜ ብሩክ «አንቺ እኮ ቀይ እስክሪብቶ ይዘሽ ነው የተወለድሽው» ይለኝ ነበር።

አባታችን የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ያደግነው አቃቂ ነው። እናትና አባታችን ተከታትለው ሲያርፉ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደገኝ ብሩክ ነው። ቀን ብረት ፋብሪካ ሲበይድ ይውላል፣ ማታ ቤት ገብቶ ይስላል። ማንም አላስተማረውም። ቱሉ ዲምቱ ቤት ተከራይተን ከገባንበት ጊዜ ጀምሮ ሳሎናችን የሱ ሥዕል ማድረቂያ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ብሩክ አንድም ቀን «ቆንጆ ነው» ብሎኝ አያውቅም። ወጥ ሠርቼ ሳቀርብለት «ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ሽንኩርቱ ትንሽ ተቻኩሏል» ይላል። ስመረቅ የተነሣሁትን ፎቶ አይቶ «ቆቡ ወደ ግራ ዘመም ብሏል» ነው ያለኝ፤ ከዚያ ፎቶውን ፍሬም አስገብቶ ራስጌው ሰቀለው። ብሩክ የሚያርመው የሚወደውን ነገር ነው። የማይወደውንማ ዝም ብሎ ያልፈዋል።

በዚያ ሰሞን ለክፍሌ ግድግዳ የሚሆን ትልቅ የእንስሳ ሥዕል ካልሠራህልኝ ብዬ ስነዘንዘው ከረምኩ። «አንበሳ ይሁን» ስለው «አንበሳ የሌለበት ኬጂ እስቲ አሳዪኝ» አለና ጉሬዛ ሳለልኝ። ነጭ በተቀባ ሰፊ ጣውላ ላይ፣ በጥቁር አክሪሊክ ማርከር፣ ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጠ ጉሬዛ። ገላው ጥቁር ነው፤ በፊቱ ዙሪያና ከትከሻው የሚወርደው ጸጉሩ ነጭ፣ ጭራውም ረጅምና ነጭ። ዙሪያው ግን ባዶ ነበር።

«ነጩ ቀለም እንዳይመስልሽ፤ ጣውላው ራሱ ነው» አለኝ። «ዙሪያውን ቅጠል ካልሞላሽው ጭራ የለውም ማለት ነው። ጭራውን የምትሠሪው አንቺ ነሽ።»

«እኔ? እኔ ምን አውቄ?»

«ልጆቹን ሥዕል ታስተምሪ የለ እንዴ? ከእንስሳው ጀምረሽ ወደ ውጭ ሂጂ። ከውጭ ወደ ውስጥ ከመጣሽ ትበይዋለሽ።»

እኔ ማርከር ሲባል ነጭ ሰሌዳ ላይ የምንጽፍበት ዓይነት መስሎኝ ነበር። አክሪሊኩ ግን መጀመሪያ ጥሩ አድርጎ መናጥ አለበት፤ ውስጡ ያለችው ትንሽ ኳስ ስትንኳኳ ትሰማለች። ከዚያ ጫፉን ወረቀት ላይ ጫን ጫን ሲያደርጉት ቀለሙ ይወርዳል። ቶሎ ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ በላዩ ሌላ ቀለም ቢጭኑበት አይቀላቀልም፣ ይሸፍነዋል። «ለዚህ ነው የምወደው» አለኝ ብሩክ። «ተሳሳትሽ ማለት አበቃ ማለት አይደለም። ይድረቅና በላዩ ትሄጂበታለሽ።»

ቅጠሉን ሳንጀምረው ብሩክ ታመመ። ሆዱን ቆረጠው፣ ትርፍ አንጀት ነው ተባለ፣ ሆስፒታል ገብቶ ኦፕሬሽን ተደረገ። ትርፍ አንጀት ሲባል ማን ይደነግጣል? ከሰፈራችን ግማሹ አስወጥቶታል። አጠገቡ ወንበር ላይ አደርኩ። ቅዳሜ ጠዋት የአጎታችን ልጅ ግርማ ሊተካኝ መጣ። ግርማ የሲኖትራክ ሹፌር ነው፤ ልቡ ሰፊ፣ ለችግር ቀድሞ ደራሽ። ቀለም የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም። ሚስቱ ቀይ መጋረጃ ግዛ ብላ ብትልከው ብርቱካናማ ይዞ ገብቶ «ያው ቀይ አይደል እንዴ?» ያለ ሰው ነው።

ብሩክ ቀና ብሎ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ ገርጥቷል እንጂ ደህና ነው።

«ሰኒ፣ ሂጂና ተኚ» አለኝ። «ስትነሺ ቅጠሉን ጀምሪው። ለሰኞ ይድረስልሽ። ደግሞ ፎቶ እያነሣሽ ላኪልኝ፤ እዚህ ጣሪያ ስቆጥር ከምውል።»

«ከሰዓት ሾርባ ይዤልህ እመጣለሁ።»

«ጨው እንዳይበዛ።»

በሩ ላይ ሆኜ ምላሴን አወጣሁበት። ሲስቅ ቁስሉ አሞት ጎኑን ያዘ። በዓይኔ ያየሁት የመጨረሻው ብሩክ ይኸው ነው፤ እየሳቀ፣ ጎኑን ይዞ።

ቤት ስደርስ እንቅልፉ ጠፋ። ጣውላውን ሳሎን አውጥቼ ወንበር ላይ አስደገፍኩትና ከጉሬዛው አገጭ ሥር ጀመርኩ። ሳጥኑ ውስጥ ብዙ ዓይነት ቀለም ነበር፤ እኔ ግን ጥቁር አረንጓዴውን መረጥኩ። ቅጠል አረንጓዴ ነው፣ አለቀ። በፊቱ ዙሪያና በጀርባው በኩል ጥቂት ቅጠሎች እንደሠራሁ ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም ላኩለት። ሁለቱ ምልክት ወዲያው ታየ፤ አይቶታል ማለት ነው። መልስ ግን አልመጣም። ነርሶቹ መጥተው ይሆናል ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ሾርባውን ሠርቼ፣ ጨውን ሁለት ጊዜ ቀምሼ፣ ፔርሙዝ ውስጥ ገልብጬ፣ ጫማዬን ሳስር በሩ ተንኳኳ። እትዬ አስካለ ነበሩ። እትዬ አስካለ የክር ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው፤ በሮቻችን ፊት ለፊት ይተያያሉ። ያለ ጠጅ ሳር ወይም ያለ ወሬ ቤቴ መጥተው አያውቁም። ያን ዕለት ባዶ እጃቸውን፣ አፋቸውም ባዶ ሆኖ በሩ መሐል ቆሙ።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«ሆስፒታል ነዋ፣ እትዬ። የጥየቃ ሰዓት እንዳያልፈኝ።»

«ዛሬ ተዪው። ግርማ ደውሎልኝ ነበር። ሐኪሙ ማንም እንዳይገባ ብሏል አሉ። ይረፍ ነው የተባለው። ነገ አብረን እንሄዳለን።»

«ለእርስዎ ነው የደወለው? ለእኔ ለምን አልደወለም?»

«ስልክሽ አልይዝ አለው።»

ስልኬን አየሁ። ያመለጠ ጥሪ የለም። የቱሉ ዲምቱ ኔትወርክ እንደሆነ ለማንም ሰበብ ይሆናል ብዬ ለግርማ ደወልኩ፤ አያነሣም። ደገምኩት፤ አያነሣም። ንዴቴ መጣ። «ይኼ ልጅ ደግሞ አስታማሚ ነኝ ብሎ ተኝቶ ይሆናል!» አልኩና የሥዕሉን ፎቶ እንደገና አንሥቼ ለብሩክ ላኩለት፤ ከሥሩም «እንዳልመጣ ከለከሉኝ። አንተ ንገራቸው» ብዬ ጻፍኩ።

እትዬ አስካለ ፔርሙዙን ከእጄ ወስደው ደረታቸው ላይ አቅፈውታል። ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን። ሁለቱ ምልክት ታየ። ከዚያ «እየጻፈ ነው» የሚለው መጣ። ጠፋ። እንደገና መጣ። እንደገና ጠፋ። ብሩክ መጻፍ አይወድም፣ ሁልጊዜ ድምፁን ነው የሚልከው፤ መናገሩ ቁስሉን እያሳመመው ነው ብዬ አሰብኩ። በመጨረሻ መልእክቱ ገባ።

«ቆንጆ ነው። አትምጪ፣ ልተኛ ነው። ሥዕሉን ጨርሺው።»

«ይኸው ጻፈልኝ!» አልኩ። ደስታዬ ጮክ አለ መሰለኝ፣ እትዬ አስካለ ደነገጡ።

«ማን?»

«ብሩክ ነዋ! ይኸው ያንብቡት።»

ስልኩን አስጠጋሁላቸው። ያለ መነጽር ክር መርፌ ውስጥ የሚያስገቡ ሴት «ዓይኔ አያይልኝም ልጄ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። የነጠላቸው ጫፍ አፋቸው ላይ ነበር። እኔ ግን እየሳቅሁ ነበር። «ቆንጆ ነው አለኝ እኮ፣ እትዬ! ይሄ ሰው ሰመመኑ ገና አልለቀቀውም።»

ጫማዬን አወለቅሁ። እሱ ራሱ አትምጪ ካለኝ ምን አደርጋለሁ?

ወደ ሥዕሉ ስመለስ እትዬ አስካለ ተከትለውኝ ገቡና መሬት ላይ ተቀመጡ። «እስቲ ለእኔም አንዱን ስጪኝ» አሉ። በጣም ገረመኝ፤ ግን ናጥኩና ሰጠኋቸው። የሠሯት ቅጠል ቅጠል አትመስልም፤ ማንኪያ ትመስላለች። ሁለተኛዋን ሲሞክሩ ማርከሩ ሸርተት አለና ነጩ ጭራ ላይ አረንጓዴ ጭረት ተወ።

«እትዬ! ጭራውን! ቀስ ይበሉ እንጂ!» አልኩ፣ ክፍል ውስጥ ልጆቹን እንደምቆጣው።

«ይቅር በዪኝ ልጄ፣ ይቅር በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ» አሉና እንባቸው ዝርግፍ አለ።

«ለዚች ነው እንዴ የሚያለቅሱት? ይድረቅና በነጭ እናጠፋዋለን።» አቀፍኳቸው። እኔ እሳቸውን አጽናናሁ። ዛሬ ይህን ሳስበው ከምንም ነገር በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ሃያት መጣች። ሃያት ምድር ቤት ሱቅ ያላት ጓደኛዬ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከወሎ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። ሃያት ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ አትዘጋም። ያን ዕለት ዘጋች። ዳቦና ጭማቂ ይዛ ገብታ «ሰለቸኝ ወላሂ፣ እናንተ ጋ ልጫወት መጣሁ» አለች። ዓይኗ ቀልቷል። ምን ሆነሽ ነው ብላት «ሽንኩርት ከትፌ» አለችኝ። ከዚያ ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ «ባትሪሽ ሊያልቅ ነው፣ ቻርጅ ላድርግልሽ» ብላ መኝታ ቤት ወስዳ ሰካችውና በሩን ገርበብ አድርጋ ተመለሰች። እሷም ማርከር አንሥታ ከጎኔ ተንበረከከች።

ቀጥለው ጋሽ መኮንን መጡ፤ የእድሩ ሰብሳቢ። ጋሽ መኮንን ወንድሜ ከሌለ ከበሩ አልፈው አይገቡም፤ ሁሌም ደረጃው ላይ ሆነው ነው የሚያነጋግሩኝ። ያን ዕለት ቆባቸውን አውልቀው ገቡና ተቀመጡ። ሦስታችን መሬት ላይ ተደርድረን ስንቀባ አዩና «እኔስ ምን በደልኩ?» አሉ። አንዲት ቅጠል ሠሩ፤ ከነዘንጓ፣ ከነደም ሥሯ፣ ተጠንቅቀው። ሲጨርሱ ወደ ኋላ ሸሸት ብለው ተመለከቱና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ጉሬዛው ግን የት ሄደ?» አሉ።

እኔም ተነሥቼ ራቅ ብዬ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ነጩ ጺሙ አለ፣ ነጩ ጭራው አለ፤ መሐሉ ግን የለም። ገላው ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። አንድ ነገር እንደተበላሸ ይታወቀኛል፤ ምን እንደሆነ ግን ማግኘት አቃተኝ።

«ምን አውቃለሁ፣ ብሩክ ቆንጆ ነው ብሏል» አልኩ።

ሃያት የማርከሯን ጫፍ ወረቀት ላይ ጫን ጫን ታደርጋለች፤ ቀለሙ እኮ ወርዷል።

በዚህ መሐል ከታች የብረት ድምፅ ተሰማ። በረንዳ ወጥቼ ቁልቁል አየሁ። የእድሩ ዕቃ ቤት ተከፍቷል፤ ወጣቶች የድንኳን ብረት እያወጡ ግድግዳ ላይ ያስደግፋሉ። ጥበቃው ቀና ብሎ አየኝና ወዲያው አቀረቀረ።

«ጋሽ መኮንን፣ ማን አርፎ ነው?» አልኩ ስመለስ።

«አንድ ሰው አርፏል፣ ልጄ» አሉኝ። ያን ዕለት ከሰማሁት ሁሉ እውነቱ ይኼ ብቻ ነበር።

«ከእኛ ብሎክ ነው? እኔም ልውረዳ፣ ቢያንስ ወንበር ልቁጠር።»

«አንቺ የያዝሽውን ጨርሺ። ሰው አለ።»

«እንግዲህ ማንም ይሁን፣ ነፍስ ይማር» አልኩና ማርከሬን አነሣሁ።

«ነፍስ ይማር» አሉ ሁለቱ አዛውንቶች። ሃያት ብድግ ብላ ኩሽና ገባች። ቧንቧው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ይሰማኝ ነበር፤ ውሃ በፈረቃ በምናገኝበት ቤት እንዲህ ታባክናለች ብዬ በልቤ ተቆጣሁ።

በዚያ ቀን ስንት ሰው እንደመጣ አላስታውስም። የመጣው ሁሉ አንዳንድ ቅጠል ሠርቶ ሄደ። ሲመሽ እትዬ አስካለ ጎርሺ ጎርሺ እያሉ እንደ ሕፃን አበሉኝ። «ቤቴ ውሃ ጠፋ፣ እዚሁ ልደር» አሉ። ሥዕሉ አልቆ ነበር፤ ማለቴ፣ ነጭ ቦታ አልቀረውም። ደክሞኝ ስለነበር ወዲያው እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕይወቴ የመጨረሻው ሰላማዊ እንቅልፍ እሱ ነው፤ ሰዎች ተረዳድተው ያመቻቹልኝ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እትዬ አስካለ እንደለበሱ ነበር ያደሩት፤ ቀድመውኝ ከፈቱ። ደረጃው እስከ ታች ሰው ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እኔ ከሁሉም ፊት አንድ ሰው ፈለግሁ፤ ግርማ ከጋሽ መኮንን ኋላ ቆሟል።

«ግርማ፣ አንተ እዚህ ከሆንክ ብሩክ ጋ ማን አለ?» አልኩት።

ጋሽ መኮንን መናገር ጀመሩ፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚባለው ሁሉ ተባለ፤ እኔ ግን አልሰማሁትም። በኋላ እንደነገሩኝ ከሆነ፣ ከመጮሄ በፊት የተናገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሾርባው ፔርሙዝ ውስጥ ነው ያለው።»

የቀብሩንና የድንኳኑን አልተርክላችሁም። ኀዘን የደረሰበት ሁሉ ያውቀዋል፤ ያልደረሰበት አይወቀው። ደም ረግቶ ወደ ሳንባው ሄዶ ነው አሉ፤ በድንገት፣ እኔ ሾርባውን ጥጄ ሳለሁ። የማንም ጥፋት አይደለም፣ እንዲህ የሚሆን አለ አሉኝ።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ግርማ የብሩክን ስልክ አምጥቶ ሰጠኝ። ያን ጊዜ ነው ወደ ራሴ ስልክ ተመልሼ መልእክቱን ያየሁት። «ቆንጆ ነው። አትምጪ፣ ልተኛ ነው።» የገባበትን ሰዓት አየሁ። ሾርባው በስሎ፣ እኔ ጫማዬን ሳስር ነበር። ብሩክ ግን ያን ጊዜ የለም።

«ግርማ፣ ይህን የጻፈው ማነው?»

ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «እኔ ነኝ። ምን ላድርግ ሰኒ? ስልኩ እጄ ላይ ነበር። አስከሬን ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ፎቶሽ ገባ። ለእትዬ አስካለ ነግሬአለሁ፣ መርዶው ጠዋት ይሁን ተባብለናል። ዝም ብልሽ ተነሥተሽ ትመጪያለሽ። እዚያ ብቻሽን፣ በዚያ ሁኔታ እንድታዪው አልፈለግሁም።»

«በሱ አፍ ተናገርከኝ?»

«በሱ አፍ።»

ጮህኩበት። ከቤቴ ውጣ አልኩት። እትዬ አስካለን፣ ጋሽ መኮንንን፣ ሃያትን፣ ሁሉንም ከልቤ ይቅር አልኳቸው፤ እነሱ በራሳቸው አፍ ነው የዋሹኝ። ግርማን ግን አልቻልኩም። እኔ እኮ በዚያ መልእክት ተደስቼ ስቄአለሁ! ወንድሜ ሞቶ እኔ ስቄአለሁ! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ቆንጆ ነው» የተባልኩት፣ ያውም በሹፌር!

ግርማ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞረ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። የጠዋቱን ፎቶ አይቶታል። ጥቂት ቅጠል ያለበትን። ሳቀና ‹ጥቁሩን ከጥቁር ጋር አጋባችው፣ ቢጫ ጨምሪበት በላት› አለኝ። ልጽፍልሽ ስል ‹ተው፣ ራሴ እነግራታለሁ› አለ። ነርሷ መጣች። ከዚያ... ከዚያ በኋላ ሆነ።»

«ይህን ደግሞ አሁን ነው የፈጠርከው?»

«እውነቴን ነው።»

«ታዲያ ስትጽፍልኝ ለምን እሱን አልጻፍከውም? የሱን ቃል ይዘህ ለምን የራስህን ጻፍክ?»

«የሱን ቃል ውሸት ውስጥ መክተት ከበደኝ» አለኝና ደረጃውን ወረደ።

እስቲ ፍረዱ። አምነዋለሁ ወይስ አላምነውም? የመጀመሪያውን ፎቶ እመለከታለሁ፤ ሁለቱ ምልክት አለ፣ ታይቷል። ግን በማን ዓይን? አንዴ በብሩክ አፍ የተናገረ ሰው፣ ብሩክ እንዲህ ብሏል ሲለኝ በምን ልለየው? ለወራት ያሠቃየኝ ሞቱ ብቻ አልነበረም። የመጨረሻ ቃሉ ይኑር አይኑር አለማወቄ ነበር። ጣውላውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አስቀመጥኩት።

አርባው ካለፈ ቆይቶ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ቤት ሳጸዳ አወጣሁት። ወንበር ላይ አስደግፌ ራቅ ብዬ አየሁ። ጋሽ መኮንን እንዳሉት ነው፤ ጺምና ጭራ አለ፣ እንስሳ የለም። ሳጥኑን ከፍቼ ቢጫውን ማርከር አነሣሁ። ማንም ከፍቶት አያውቅም ነበር። ናጥኩት፣ ኳሷ ተንኳኳች፣ ጫፉን ወረቀት ላይ ጫን ጫን አደረግሁት። «ምናለበት፣ ቢበላሽ ያው የተበላሸ ነው» ብዬ ከጉሬዛው ጀርባ ያለችውን የራሴን ቅጠል በደረቀው አረንጓዴ ላይ ቢጫ ቀባኋት። ከዚያ አጠገቧ ያለችውን። ከዚያ በክርኑ ሥር ያለችውን።

ወደ ኋላ ሸሸት ስል ጉሬዛው ወጣ። ጀርባው ወጣ፣ ክንዱ ወጣ፣ ቅርንጫፉን የያዘበት ጣቱ ወጣ። ጥቁሩ ጥቁር የሚሆነው ከኋላው ብርሃን ሲኖር ነበር። ያን ቅዳሜ ስፈልገው ያጣሁት ይኼ ነበር።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ድንኳን ውስጥ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። ይህን ማን ያውቃል? ቀይና ብርቱካናማ የማይለይ ሰው፣ አስከሬን ክፍሉ በር ላይ ቆሞም ሆነ ቤቱ ተኝቶ፣ ይህን ሊፈጥረው አይችልም። ጥቂት ቅጠል አይቶ ሥዕሉ ሲያልቅ ምን እንደሚጎድለው ቀድሞ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው የነበረኝ። አይቶኛል። አርሞኛል ማለት ነው።

ለግርማ ደወልኩለት። «ቢጫ ጨመርኩበት» አልኩት። መኪናውን ዳር አስይዞ ሲያለቅስ ሰማሁት።

አሁን ለእናንተ ለምታነቡት አንድ ነገር ልበል። መርዶ ደብቆ ማሳደር ክፉ ነው አልልም። እኔ በዚያ ቀን ብቻዬን አልዋልኩም፤ ሱቅ የዘጋችልኝ፣ ተንበርክከው የቀቡልኝ፣ እያወቁ ቁጣዬን የተቀበሉኝ ሰዎች ነበሩኝ። እንዲያ ያለ ጎረቤት ይስጣችሁ። የኔም ተራ ደርሶ የሌላ ሰው ቤት ገብቼ አብሬ የምውልበት ቀን ይመጣል፤ እውላለሁ። ግን በሟች አፍ አትናገሩ። አዝናችሁም፣ ጨንቋችሁም፣ ለደግም ብላችሁ ቢሆን አትናገሩ። ለቀሪው የሚቀረው የሟቹ ቃል ብቻ ነው፤ እሱ ከተነካ እውነተኛውንም ማመን ያቅታል። እኔ ምስክር የሚሆነኝ ሥዕል ነበረኝ። ሁሉም ሰው የለውም።

ጉሬዛው ዛሬ ክፍሌ ውስጥ ተሰቅሏል። የሰዎቹን ቅጠሎች በቢጫ አልነካኋቸውም፤ ጭራው ላይ ያለችውን አረንጓዴ ጭረትም በነጭ አላጠፋኋትም። ልጆቹ «ቲቸር፣ ይቺ ማንኪያ ናት?» እያሉ ይጠይቁኛል። ቅጠል ናት እላቸዋለሁ። ማረም የሚቃጣኝ እኔ፣ እሷን ሳያት ምንም አይቃጣኝም።

የሰቀልኩት ዕለት ፎቶ አንሥቼ ለብሩክ ላኩለት። ስልኩ ቤት፣ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ከተዘጋ ቆይቷል። አንድ ምልክት ብቻ ታየ። እስከ ዛሬም አንድ ነው። አንዳንዴ ከፍቼ አየዋለሁ። መልስ የለውም፤ ግን ዝምታው የራሱ ነው።